ከሜዳ የወጣው አሥር ቁጥር ተመልሶ ስለ መግባቱ

ሰኔ 16 ቀን። የቡድኑ አሠልጣኝ በፖሊስ ጣቢያው ማረፊያ ክፍል ይገኛል።

የምስክሩ ስም፦ ለደኅንነቱ ሲባል በተለየ ወረቀት ተይዟል
ዕድሜ፦ 46
ሥራ፦ መስታወት ቆራጭና ገጣሚ
አድራሻ፦ ከስታዲየሙ ጀርባ፣ ከወፍጮ ቤቱ አጠገብ
ጉዳዩ፦ አሠልጣኙ ደጋፊን አነሣሥቶ ሜዳ በማስገባትና አጥር በማስፈረስ ስለ መጠርጠሩ

እኔ ምስክሩ ተጠርጣሪውን የማውቀው በስድብ ነው። ዝምድናም ሆነ የግል ጠብ የለንም። እሱ መልኬን አያውቀውም፤ ድምፄን ግን ሳያውቀው አይቀርም። በየጨዋታው የምቀመጠው ከተቀያሪዎች ወንበር ጀርባ፣ ከታላቅ ወንድሜ ጋር ነው። ወንድሜ ልብስ ሰፊ ነው። ያልፈረደበት ነገር ስለሌለ በስታዲየም "ዳኛው" ይሉታል። እኔ ጋሼ እለዋለሁ።

አሠልጣኙን ደጋፊው "መቀስ" ይለዋል። ስሙ የወጣለት ሰው ቆርጦ ማውጣት ስለማይከብደው ነው። ጎል ያገባውንም፣ ትናንት የተዳረውንም፣ ማንንም ያወጣል። ከሌሎች አሠልጣኞች የሚለይበት ሌላም ጠባይ አለው፤ ጨዋታ ሲካሄድ ኳሷን አያይም። ኳሷ በቀኝ በኩል ከሆነች እሱ ወደ ግራ ዞሮ ይቆማል። ከኋላው ተቀምጬ ዓመት ከዓመት አይቼዋለሁ። ይህ ነገሩ በጣም ያናድደን ነበር። ወንድሜ "መቀስ! ኳሷ በዚያ ናት! አንገትህን ማን አጣመመው? አየር ልትቀበል ነው የመጣኸው?" ይለው ነበር። አሠልጣኙ ለስድብ መልስ አይሰጥም። አንድ ቀን ብቻ ሳይዞር "ኳሷን እናንተ እያያችኋት ነው፤ አትጠፋም" አለ። ያን ዕለት ወንድሜ ራቱን ሳይበላ ነው ያደረው።

ሰኔ 14 ቀን የዓመቱ የመጨረሻ ጨዋታ ነበር። ካሸነፍን ሊጉ ውስጥ እንቆያለን፤ አቻ ከወጣን እንወርዳለን። አንድ ለባዶ እንመራ ነበር። ጎሉን ያገባው አምበላችን አሥር ቁጥሩ ነው። በከተማው እሱን የሚጠላ ሰው ካለ እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። ጨዋታው ሊያልቅ ሩብ ሰዓት ያህል ሲቀረው አራተኛው ዳኛ የቅያሪውን ሰሌዳ አነሣ። በቀይ የበራው ቁጥር አሥር ነበር። አሥር ቁጥሩ አልተጎዳም፤ አላነከሰም፤ በጤናው ነው። በእሱ ምትክ የገባው "ቀርከሃ" የምንለው ረጅሙ ተከላካይ ነው።

መጀመሪያ ሰው ሰሌዳው የተበላሸ መስሎት ነበር። ከዚያ ከፊቴ የምትቀመጠው ሽንኩርት ነጋዴ ብድግ አለች። እሷን "ቀይ ካርድ" እንላታለን፤ በተናደደችበት ሰው ላይ ሁሉ ቀይ መሀረብ ታወጣለች። መሀረቡን አውጥታ "አንተ መቀስ! ሰው ነው የመኪና ጎማ የምትቀይረው?" አለች። ወንድሜ ከጎኔ "ጎማስ ቢሆን ሳይፈነዳ ይቀየራል?" አለ። በዚህ ተሳቀ፤ ሳቁ ግን ደስ የሚል አልነበረም። ከላይ ያሉት ምን እንደተባለ ሳይሰሙ ተቀበሉ፤ ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች እንደሚባለው ነው። እኔም ሰድቤዋለሁ። ምን ብለህ ነው የሰደብከው ተብዬ በመርማሪው ስጠየቅ፣ ለወረቀት የሚሆን ቃል ስላልሆነ ባይጻፍ ብያለሁ። መርማሪው ቃሉን ከሰሙ በኋላ ተስማምተዋል።

በጭማሪው ሰዓት ከማዕዘን ምት ጎል ገባብን። ኳሷን በጭንቅላቱ የገጨው የተቃራኒ ቡድን ተጫዋች የዘለለው ከቀርከሃ አጠገብ ነው። ቀርከሃ ያን ሁሉ ቁመት ተሸክሞ ከመሬት አልተነሣም። አንድ ለአንድ አለቀ። ወረድን።

ከዚህ በኋላ ደጋፊው አሠልጣኙን ለማነጋገር ወደ ብረት በሩ ወረደ። ማነጋገር የሚለው የእኔ ቃል ነው፤ መርማሪው የፈለጉትን ይጻፉ። በሩ ከደረጃው ግርጌ፣ በእኛና በሜዳው መካከል ያለ ነው። የሚከፈተው ወደ እኛ፣ ወደ ደረጃው በኩል ነው። ሥራዬ በርና መስኮት ስለሆነ ይህን ከዚያ በፊትም አውቅ ነበር፤ ሰው ተደግፎት ሳለ የዓለም ቁልፍ ሁሉ ቢመጣ አይከፈትም። ይህን እያወቅኩ ከወንድሜ ጋር ከፊት ደረስኩ። ከላይ ያለው ሕዝብ ግን አያውቅም። "ግፋ! ግፋ! ተከፈተ!" ይላል፤ ይወርዳል። ደረጃው ቁልቁል ስለሆነ ከላይ ያለ ሰው የገፋ አይመስለውም፤ ክብደቱ ግን እኛ ላይ ያርፋል።

እጆቼ ከደረቴ ጋር ተጣበቁ። ቀይ ካርድ ከጎኔ ነበረች፤ መሀረቡን ይዞ ወደ ላይ የተነሣ እጇን ማውረጃ አጣች። ወንድሜ ፊቱ ብረቱ ላይ ተለጥፎ "አንተ ልጅ፣ አየር" አለኝ። ከዚያ በኋላ ምንም አላለም። ወንድሜ ዝም ብሎ አያውቅም። የፈራሁት ያኔ ነው።

በብረቱ መካከል አሠልጣኙን አየሁት። ከበሩ ብዙ አይርቅም፤ የሚናገረው ይሰማኝ ነበር። ጥበቃዎች ክንዱን ይዘው ወደ መልበሻ ክፍል ይጎትቱታል። ከላይኛው ደረጃ ጠርሙስና ድንጋይ ይወረወር ስለነበር ጥበቃዎቹም፣ ተጫዋቾቹም፣ ዳኞቹም የሚያዩት ወደ ላይ ነበር። እሱ ወደ ላይ አላየም። ልክ በጨዋታው ጊዜ እንደሚያደርገው አንገቱን አዙሮ ወደ ታች፣ ወደ እኛ ያይ ነበር።

"ከፊት ያሉት መሳደብ አቁመዋል" አለ።

ክንዱን የያዘው ጥበቃ "እሰይ ነዋ! ይልቅ ግባ!" አለው።

"መሳደብ ካቃታቸው መተንፈስም አቅቷቸዋል" አለና ክንዱን አስለቀቀ።

አሥር ቁጥሩ ተቀያሪዎች ወንበር ላይ ጃኬት በራሱ ላይ ጥሎ ተቀምጦ ነበር። አሠልጣኙ ጃኬቱን ገፈፈው። "ተነሥ፣ ገብተሃል" አለው። ልጁ ዐይኑ ቀልቷል። "ወጥቻለሁ እኮ ጋሼ! ጨዋታው አልቋል!" አለ። አሠልጣኙም "ለእነሱ አላለቀም። ኳስ ያዝና ወደዚያኛው ጎል ሂድ። አግባ። ደግመህ አግባ። ወደዚህ እንዳትዞር" አለው። ከዚያ ወደ አራተኛው ዳኛ ጠረጴዛ ሄዶ ሰሌዳውን አነሣ። ዳኛው "የእኔ ነው! መዝገብ ላይ ያለ ዕቃ ነው!" እያለ በሌላው ጫፍ ይዞ ተንጠልጥሎ ነበር። አሠልጣኙ ሰሌዳውን ከነዳኛው እጅ ወደ ላይ አደረገው። አሥር ቁጥር በአረንጓዴ በራ።

ይህን ነገር በትክክል እንዲጻፍልኝ እፈልጋለሁ። ትንፋሽ አልነበረኝም፤ ጎድኔ ሲንቋቋ ይሰማኝ ነበር። ያም ሆኖ አረንጓዴውን አሥር ሳይ በሆዴ "ምነው ቀደም ብለህ!" ብያለሁ። ደጋፊ ማለት ይህ ነው። ያ ሰው ይህን ያውቅ ነበር። የሚሞት ደጋፊ እንኳ ሰሌዳ ሲነሣ ቀና ብሎ እንደሚያይ ያውቅ ነበር።

ከላይ ስድቡ ባንድ ጊዜ ተቋረጠ። "አሥር ገባ! ገባ እኮ!" የሚል ድምፅ ተነሣ። አሥር ቁጥሩ በካልሲ ብቻ ሩቁ ጎል ጋ ደርሶ ባዶ መረብ ላይ ያገባል፤ ኳሷን ያወጣል፤ እንደገና ያገባል። ሲያገባ ሕዝቡ ይጮኻል። የወረድን ሰዎች ነን፤ ባዶ ጎል ላይ ሲያገባ እንጮኻለን። ያን ጎል በደንብ ለማየት ከደረጃው ወደ ሰሜን በኩል መሄድ ያስፈልጋል። የላይኛው ሰው ወደዚያ ፈሰሰ፤ ዝቅተኛውን አጥር ጥሶ ሜዳ ገባ። ከጀርባዬ ላይ የእህል ጆንያ እንደሚወርድ ክብደቱ ወረደ።

አሠልጣኙ ደጋፊውን ወደ ሜዳ ግባ ብሏል ወይ ተብዬ ስጠየቅ፣ ለደጋፊው አንድ ቃል አልተናገረም። ሰሌዳ ነው ያነሣው። አጥሩ መፍረሱ እውነት ነው፤ አይቻለሁ። አጥር ተመልሶ ይሠራል።

በዚህ አላበቃም። ከሜዳው በኩል ጥበቃዎች በዱላ በሩን ወደ እኛ ይገፉ ነበር፤ እኛን ያገዱ መስሏቸው ነው። አሠልጣኙ "እናንተ ውጡ፣ ቀርከሃ ግባ!" አለ። እንዲህ ነው ያለው፤ እንደ ጨዋታ። ቀርከሃ ለማዕዘን ምቱ ያልዘለላትን ዝላይ ያኔ ዘለላት። በሩ ጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ ወጣና በብብታችን እየያዘ ይመዝዘን ጀመር። መጀመሪያ ያወጣው ወንድሜን ነው። ቀጥሎ ቀይ ካርድን። እሷ አየር ላይ ተንጠልጥላ፣ መሀረቡ አሁንም በእጇ እንዳለ፣ "የኔ ልጅ፣ ለኮርነሩስ የት ሄደህ ነበር?" አለችው። ልጁ "ይቅርታ እማማ" አለ፤ አልጣላትም፤ በቀስታ ነው ያወረዳት።

ሰዉ ሲሳሳ በሩ ተከፈተ። በዚህ ጊዜ ከሜዳው ጥቂት ሰዎች "መቀስ ያውላችሁ!" ብለው ወደ እኛ መመለስ ጀመሩ። ከበሩ አፍ ላይ መሬት የተዘረጉ ሰዎች ነበሩ፤ ወንድሜም ከእነሱ አንዱ ነው። አሠልጣኙ ወንድሜን አየው፤ የሚመጡትን አየ። ኮፍያውን አወለቀ፤ ፊቱ በደንብ እንዲታይ ማለት ነው። ከዚያ ሰሌዳውን በብብቱ ይዞ ብቻውን ከእኛ ርቆ ወደ ማዶ ሄደ። አልሮጠም። እሱ ከሮጠ እነሱም ይሮጣሉ፤ ሕዝብ ከሮጠ ደግሞ የወደቀን ይረግጣል። ሰዎቹ ከበሩ ዞረው እሱን ተከተሉ። ድንጋይ ከቅንድቡ በላይ ሲመታው አይቻለሁ። መሀረብ እንኳ አላወጣም፤ እርምጃውንም አልቀየረም። ፖሊስ የያዘው ማዶ ሲደርስ ነው። ሰሌዳውን ለፖሊስ ያስረከበው ቁጥሩን አጥፍቶ ነው።

እኔ የዚያን ቀን ከመሬት ተቀምጬ አፌን ከፍቼ ነው የቀረሁት። የሰደብኩት ሰው አንድ ልጅ አስገብቶ፣ ጥበቃዎችን አስወጥቶ፣ በመጨረሻ ራሱን አስወጣ። የሞተ ሰው የለም። ሁሉም ሰው ድንጋዩን ሲያይ እሱ ድንጋይ መወርወር ያልቻሉትን አየ። የዚህን ዓይነት ዐይን ሰው ከየት እንደሚያገኘው አላውቅም። አሁንም ሳስበው ፀጉሬ ይቆማል።

ወንድሜ ጎድኑ ተሰንጥቆ ቤቱ ተኝቷል። ዛሬ ጠዋት ስጠይቀው "ሄደህ መስክርለት። ግን አሥርን ያወጣው ልክ ነበር ብለህ እንዳትመሰክር። ያስገባው ልክ ነው፤ ያወጣው ጥፋት ነው። እንዳታደባልቅ" ብሎኛል። መርማሪው ይህ ለጉዳዩ አይጠቅምም ብለውኛል። እኔ ግን በዚህ ከወንድሜ ጋር እስማማለሁ፤ ይጻፍልኝ። አንድ ለባዶ እየመራህ አሥርን አታወጣም።

ለምን ወደ ጣቢያ እንደ መጣሁ ስጠየቅ፣ አስቤ አልመጣሁም። ትናንት አንዲት ሴት የመስኮቷን ልክ ይዛ ወደ ሱቄ መጣች። በድንጋይ የተሰበረ መሆኑን ስትነግረኝ የማን ቤት እንደሆነ ገባኝ፤ የአሠልጣኙ ባለቤት ናት። ዛሬ ቆርጬ ይዤላት ስሄድ በጣቢያው በር ሳልፍ እግሬ ተመለሰ። መስታወቱ ኮሪደሩ ላይ ቆሟል። ሰው እንዳይደገፈው ለዘቡ አደራ ብያለሁ። መስኮቱ በካርቶን ተሸፍኖ ነው ያለው፤ ደመናውም ከብዷል፤ ስለዚህ ቶሎ እንድሰናበት እጠይቃለሁ።

የተጻፈው ተነብቦልኛል፤ ያየሁትና የሰማሁት ነው፤ የጨመርኩትም የቀነስኩትም የለም። ስድቡ ብቻ በስምምነት ቀርቷል።

የምስክሩ ፊርማ ____________

የመርማሪው ማስታወሻ፦ ምስክሩ ከፈረሙ በኋላ ተጠርጣሪውን "አንድ ነገር ብቻ፣ አሥርን ለምን እንዳወጣው ልጠይቀው" ብለው አመልክተዋል፤ አልተፈቀደላቸውም። ቃሉ ዛሬውኑ ለዐቃቤ ሕግ እንዲላክ አድርጌያለሁ። ምስክሩ ቅጂውን ጠብቀው እንዲወስዱ ስነግራቸው "ስመለስ፤ ዝናቡ ሊቀድመኝ ነው" ብለው መስታወቱን አነሡ። በዚያን ሰዓት ተጠርጣሪው ቅንድቡን በፋሻ ታስሮ ከሐኪም ዘንድ በኮሪደሩ ሲመለስ ነበር። ትልቅ መስታወት ስለሆነ ኮሪደሩ ላይ የነበርነው ሁሉ መስታወቱን ስናይ፣ ተጠርጣሪው ወደ መውጫው አንገቱን አዙሮ "ወንድም፣ ደረጃው እርጥብ ነው" አለ። ምስክሩ እግራቸውን ቀስ አድርገው አስቀድመው ወጡ።

ደረጃውን ሄጄ አይቻለሁ። እርጥብ ነው።

የመርማሪው ፊርማ ____________