የቡችላው ጆሮ

በንጉሡ ጊዜ ነው፤ ከዘመድ ጥየቃ ስመለስ ወደ ዳንግላ የሚሄድ ጋሪ ላይ ተሳፈርኩ። አጠገቤ ቡችላ በጋቢው ያቀፈ ባላገር፣ ፊት ለፊቱ ደግሞ አንድ የጨርቅ ነጋዴ ተቀምጠው ነበር።

«ልብሴን እንዳይነካብኝ አደራ» አለ ነጋዴው። «ወዴት ትወስደዋለህ?»

«ዳንግላ፣ አማቼ ዘንድ። ጆሮ መቁረጥ ያውቅበታል።»

«ምን አደረገህ?»

«ምንም። ጅብ ጆሮውን ይዞ እንዳይጥለው ነው። የተቆረጠውን ጠብሰን እናበላዋለን፤ ያን ጊዜ ኃይለኛ ይሆናል።»

«የራሱን ጆሮ?»

«የራሱን። አገሩ ሁሉ እንዲህ ነው የሚያደርገው።»

«የፊተኛው ውሻህስ ተቆርጦ ነበር?»

«አሳምሮ! ሲያዩት ራሱ ደስ ይል ነበር።»

«አሁን የት አለ?»

«ጅብ በላው።»

«ምኑን ይዞ?»

«አንገቱን።»

«እንግዲያ የዚህን አንገቱንም አስቆርጠዋ!»

ባለጋሪው ሳቀ። ባላገሩ ግን ቡችላውን አገላብጦ አየው።

«ባይቆረጥስ በጎቼን ይጠብቃል?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ጨርቅ ነው የምሸጠው።»

«ታዲያ ለምን ግራ ታጋባኛለህ፣ ወንድሜ? ሚስቴ ሳታስቆርጥ እንዳትመለስ ብላኛለች። ጎረቤቱም የፍየል ጆሮ እያለ ይስቅብኛል።»

«የምታስቆርጠው ለጅቡ ነው ወይስ ለጎረቤቱ?»

ገበያው ዳር ደረስን።

«አባ፣ ይውረዱ እንጂ» አለ ባለጋሪው።

«ቆይ እስቲ» አለ ባላገሩ፣ የቡችላውን ጆሮ በሁለት ጣቱ እንደያዘ።

እኔም በልጅነቴ ለውበት ብለው የነቀሱኝን አንገቴን በነጠላዬ ሸፈን አደረግሁ።