ነጩ ባሕር

ሰመራ ምሳ የምበላው ከወሎ የመጡት እትዬ ዘሃራ ቤት ነው። እኔ ዩኒቨርሲቲ የማስተምረው ነፋስ ባሕር ላይ ሲነፍስ በሳተላይት ራዳር እንዴት እንደሚታይ ነው፤ ባሕሩን በዓይኔ አይቼው ግን አላውቅም። አንድ ቀን ላፕቶፔን አይተው፣ «እስቲ ልጄ በጀልባ ወደ የመን የተሻገረ ቀን ባሕሩ እንዴት እንደነበር አሳየኝ» አሉኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ድምፁን አልሰሙም። የዚያን ቀን የራዳር ምስል አወጣሁላቸው። ከዳር እስከ ዳር ነጭ ነው።

«አልሐምዱሊላህ! ብራ ነበራ!» ብለው ስክሪኑን በመዳፋቸው ዳበሱት።

በራዳር ጸጥ ያለ ባሕር ጥቁር ነው፤ የሚነጣው ነፋስ ሲያናውጠው ነው። ይህን የሳተ ተማሪ ነጥብ እቀንስበታለሁ። ትምህርቴ ገደል ይግባ! «አዎ፣ እትዬ፣ ብራ ነበር» አልኳቸው። መርቀውኝ ወጥ ጨመሩልኝ። እኔም በላሁ።