የሞራግ አጥር

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ወንዙን ይዤ መሄድ ልማዴ ነው። በሚያዝያ መጀመሪያ አንድ ቀን ድልድዩ ጋ ስደርስ የመንደራችን የአደን ርስት ባለቤት የሆነውን ቶርኪልን ባርኔጣውን አውልቆ ቆሞ አገኘሁት። እግሩ ሥር ሦስት እንስት አጋዘኖች ሞተው ወድቀዋል፤ ጎድናቸው ይቆጠራል። የደን ትምህርቷን ጨርሳ የመጣችው የወንድሙ ልጅ ኢሸበል አጠገቡ ነበረች።

«እንኳን መጡ፣ መምህር! እስቲ ይፍረዱን፤ እነዚህን ማን ገደላቸው?» አለችኝ።

«በረዶው ነዋ!» አለ ቶርኪል። «ጥይት እንደሆነ አልነካቸውም።»

«ስላልነካቸው ነው የሞቱት፣ አጎቴ።»

«ሰማህ መምህር? ትምህርት ማለት ይኸ ነው። ሳልተኩስ ገዳይ አደረገችኝ!»

በዚያ ቤት ከቶርኪል አያት የወረደ ሕግ አለ። ከፍሎ ለአደን የሚመጣ እንግዳ ቀንዳሙን ወንድ ይተኩሳል፤ እንስት ግን አትነካም። እኔም አርባ ዓመት ሂሳብ ሳስተምር ይህን ሕግ አንድ ቀን አስልቼው አላውቅም፤ አፍራለሁ።

«እያንዳንዷ እንስት የነገውን ቀንዳም ትወልዳለች» አለ ቶርኪል።

«የተወለደው ምን ይብላ? ተራራው ሦስት መቶ አጋዘን ይቀልባል፤ እርስዎ ስድስት መቶ ጭነውበታል። የሳሎኑ ግድግዳ ላይ የተሰቀሉትን ቀንዶች ይዩ። የአያትዎን ጊዜ ቀንድ ክንዴን ዘርግቼ አልሞላውም። የአምናው ግን ኮት መስቀያም አይሆን!»

«አንቺ ልጅ፣ አፍሽን!» አለ፤ ሳቁ ግን አመለጠው። ወዲያው ፊቱ ጠቆረ። «እንግዶቹ የሚመጡት አጋዘን በብዛት ለማየት ነው። እነሱ ከቀሩ ርስቱ ይሸጣል። ያባቶቼን ቤት ለባዕድ ላስረክብ?»

«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች አሉ! ቀንድ እያነሰ እንግዳው መቅረት ከጀመረ ስንት ዓመቱ ነው?»

ቶርኪል ባርኔጣውን ደፋ። እሷም ክንዱን ይዛ ወደ ኮረብታው ወሰደችው፤ እኔም ተከተልኩ።

እዚያ ሚስቱ ሞራግ ተቀብራለች። አጋዘኖቹ አበባዋን እንዳይበሉባት ቶርኪል ራሱ መቃብሩን በሽቦ ሰፋ አድርጎ አጥሮታል። በአጥሩ ውስጥ ማንም ያልተከላቸው ዛፎች እስከ ደረት ደርሰዋል። ከአጥሩ ውጭ ግን አጋዘኖቹ የጋጡት ሣር ብቻ ነው።

«ምድሩ በእሷ ተባርኮ ነው» አለ ቶርኪል እንደ ወትሮው።

ኢሸበል ሽቦውን በጣቷ ነካ አደረገች። «የአክስቴ በረከት በሽቦ የሚገታ ነበር እንዴ፣ አጎቴ?»

ሳቀ። ከዚያ ዓይኑ እንባ ሞላ። ሞራግን የሚያውቅ ሁሉ ደግነቷ ወሰን እንዳልነበረው ያውቃል።

«እናቶቹን የማርኩ መስሎኝ በረሃብ ፈጀኋቸው» አለ በመጨረሻ። «በይ፣ በመከር አብረን እንወጣለን። የትኞቹን እንስቶች እንደምንተኩስ የምመርጠው ግን እኔ ነኝ። ዓይን በትምህርት አይገኝም።»

«እሱንማ ከእርስዎ ልማር ነው የመጣሁት» አለችው።

አንባቢዬ፣ መውደድ አለመንካት ብቻ አይደለም። ቶርኪል የደከሙና ያረጁ እንስቶችን እየለየ መንጋውን በየዓመቱ አሳነሰ፤ ሥጋው ለመንደሩ ተረፈ። እንግዶቹም እንስቶቹን ለማደን በብርዱ ወር ጭምር መምጣት ጀመሩ። የቀሩት አጋዘኖች ወፈሩ፣ ቀንዳቸው ሰፋ፤ በሚያዝያ ድልድዩ ሥር ሬሳ ማየት ቀረ። ርስቱም አልተሸጠም።

በሰባተኛው ዓመት ቶርኪልን ኮረብታው ላይ ሽቦውን ሲጠቀልል አገኘሁት።

«ምነው፣ አጥሩን አፈረስከው?» አልኩት።

በዙሪያችን የበቀሉትን ዛፎች በእጁ አሳየኝ። «አሁን ማን ውስጡን ከውጩ ይለያል?» አለና የሽቦውን ጫፍ አቀበለኝ፤ አብረን ጠቀለልነው።