ቀለም አቀባዩ

በጣሊያን ጊዜ ነው። አንድ ጠዋት አዲስ ሥራ ልጀምር ከልደታ በጋሪ ተሳፍሬ ስሄድ፣ ጋሪው ጉድጓድ ገባና አጠገቤ የተቀመጠው ጎልማሳ ከያዘው ብልቃጥ ቀለም ፈንጥቆ ፊት ለፊታችን የነበሩትን ሼህ ነጭ ጀለቢያ አበላሸው።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ ሼኼ፣ መንገዱ ነው።»

«ግድ የለም፣ ይታጠባል። ጸሐፊ ነህ?»

«ኧረ የለም። ጣሊያኖቹ ቢሮ ተላላኪ ነኝ። ቀለም ቀድቼ ለጸሐፊው አቀብላለሁ።»

«ምን ይጽፍበታል?»

«የሚጋዙትን ሰዎች ስም።»

ሼሁ እድፉን በጣታቸው አሸት አሸት አደረጉ።

«ከነቢዩ በኋላ መቶ ዓመት አልፎ፣ አንድ ኸሊፋ አንድ ትልቅ ዓሊም፣ የሃይማኖት ሊቅ፣ አስጠርቶ ‹ያንን የቀለም ቀንድ አቀብለኝ› አለው። ሦስት ጊዜ አዘዘው። ዓሊሙ እጁን አላነሳም።»

«ምነው?»

«‹ግፍ ብትጽፍበት እኔም አለሁበት› ብሎ ነዋ።»

«ታዲያ አንገቱን አላስቆረጠውም?»

«አላህ ጠበቀው፣ ወጥቶ ሄደ።»

«ልጆች አልነበሩትማ! እኔ አራት አሉኝ።»

«እሱም ነበሩት።»

ጎልማሳው የብልቃጡን ክዳን ጠበቅ አደረገ።

«እኔ እኮ የማንንም ስም ጽፌ አላውቅም ሼኼ። የሚጽፈው ሌላ ነው።»

«ማነው እሱ?»

«የድሮው ታሞ ቀረ። ዛሬ አዲስ ጸሐፊ ይገባል አሉ፣ ገና አላየሁትም።»

ጋሪው ቢሮው በር ላይ ሲቆም ጎልማሳው ብልቃጡን ይዞ ወረደ፤ እኔ ግን በኮቴ ኪስ ላይ የሰካሁትን ብዕር በነጠላዬ ሸፍኜ እንደተቀመጥኩ ቀረሁ።