የሚስ ኤድና የሁለት ደቂቃ ንግግር

በግንቦት ወር፣ አንድ ሐሙስ ከቀትር በኋላ፣ በአርባ ዘጠኝ ቁጥር አውቶቡስ ውስጥ ጎን ለጎን የተቀመጡት ሁለቱ የአንድ ሰፈር ሰዎች ነበሩ። አንዷ ሚስ ኤድና ፌኔሊ ናቸው፤ በሳን ፍራንሲስኮ ኤክሴልሲየር ሰፈር በቤተ መጻሕፍት ሲሠሩ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ሰማንያ ዓመት የተጠጋቸው ሴት። ሌላው ጄሮም ኦካምፖ ነው፤ እዚያው ሰፈር ተወልዶ፣ ተምሮ፣ እዚያው የሁለተኛ ክፍል ልጆችን የሚያስተምር ወጣት። ቀጠሮ አልነበራቸውም። ጄሮም ቆሞ ሲሄድ ከሚስ ኤድና አጠገብ የነበረው ሰው ወረደ፤ እሳቸውም ቦርሳቸውን አነሡና ወንበሩን መታ መታ አደረጉለት።

"ና፣ ና ተቀመጥ! አንት ልጅ፣ ከትምህርት ቤት ጠፍተህ ነው?"

"አስፈቅጄ ነው ሚስ ኤድና። እርስዎስ እንዲህ አምሮብዎት ወዴት ነው?"

በእርግጥም አምሮባቸዋል። በሰማያዊ ካፖርታቸው ላይ ከወጣትነታቸው ጀምሮ ሰልፍ በወጡ ቁጥር የሰበሰቧቸውን ክብ ክብ ዓርማዎች ደርድረዋል፤ የሰላሙን፣ የእኩልነቱን፣ የሠራተኛውን፣ የዓሣ ነባሪውን ሳይቀር።

"ማዘጋጃ ቤት ነዋ! የጎማ ቤቱ ጉዳይ ዛሬ አይደል የሚታየው? አምስት ፎቅ እኮ ነው ሊጭኑብን ያሰቡት። እናገራለሁ።"

በሰፈራቸው ማዕዘን ላይ ያለው ጎማ መሸጫ ከተዘጋ ቆይቷል። ባለቤቱ አፍርሶ የኪራይ ቤት ሊሠራበት ይፈልጋል። በዚያ ከተማ ደግሞ ጎረቤት ቆሞ ያልመረቀው ቤት አይሠራም ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም፤ ማንም ሰው ሸንጎው ፊት ቀርቦ ሁለት ደቂቃ የመናገር መብት አለው። 

"እኔም ወደዚያው ነኝ። ግን እኔ ይሠራ ልል ነው" አለ ጄሮም።

"አንተ?" ሚስ ኤድና ዞር ብለው አዩት። "የትምህርት ቤቱን አትክልት የምታስተክለው አንተ? ፎቁ ሲቆም ጥላው የት እንደሚያርፍ ታውቃለህ? በልጆቹ ቲማቲም ላይ ነው!"

"ሚስ ኤድና፣ በዚህ ጭጋግ ውስጥ ቲማቲም ሲቀላ ያየ ማን ነው? እስካሁን አንድም አልበላንም። ጎመኑ እንደሆነ ጥላ ይወዳል።"

ከፊታቸው የተቀመጠ ሰውዬ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። ሚስ ኤድና ግን አልሳቁም።

"ቀልዱን ተወው። ይህ ከተማ እንዲያው ዝም ብሎ እዚህ አልደረሰም። አውራ ጎዳናው ፓርኩን ሰንጥቆ ሊያልፍ ሲል እምቢ ያልነው እኛ ነን። ከየጦርነቱ የሸሸውን የተቀበልነው እኛ ነን። ሌላው ያፈረበትን የአንድ ጾታ ሰዎች ጋብቻ በማዘጋጃ ቤታችን ደረጃ ላይ የመረቅነው እኛ ነን። ተራማጅ ከተማ ያሳዩኝ ብትለኝ፣ ይኸው፣ በመስኮቱ እያት!"

"ይህን ማን ይክዳል? እኔም እርስዎ በሰጡኝ መጽሐፍ ነው የተማርኩት። ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ከተማ ተራማጅ የሚባለው ስለ ሰው በሚናገረው ነው ወይስ በሚያኖረው ሰው?"

"በሁለቱም። መስኮቴ ላይ የለጠፍኩትን አላየህም? 'ሁሉም ሰው እንኳን ደህና መጣ' ይላል።"

"አይቻለሁ። በመንገዳችን ላይ ያልለጠፈ ቤት የለም። እንኳን ደህና መጣህ የተባለው ሰው ግን የት ይደር?"

ሚስ ኤድና ቦርሳቸውን ከፍተው ዘጉት።  ቢሆንም ዕድሜያቸውን በክርክር ያሳለፉ ሴት ስለሆኑ በቀላሉ የሚረቱ አልነበሩም።

"እንግዲያው ሂዩስተን ሂድ!" አሉት። "እነሱ እንዳሻቸው ይገነባሉ። ግዛታቸው በየምርጫው ወግ አጥባቂዎቹን እንደሚመርጥ አይተሃል? ሂዩስተን ከእኛ ይሻላል ልትለኝ ነው?"

"ስለ ምርጫቸው አልከራከርም። የአክስቴ ልጅ ግን እዚያ ሆስፒታል ውስጥ ወለል እየጠረገ ቤት አለው። እኔ እዚህ አስተማሪ ሆኜ የሰው ጋራዥ ውስጥ ነው የማድረው።"

"ሙቀቱስ? በበጋ ከቤት አያስወጣም ይላሉ።"

"አዎ፣ ከቤቱ አይወጣም። ቤት ስላለው።"

የፊተኛው ሰውዬ እንደገና ሳቀ። ሚስ ኤድና በቦርሳቸው ጫፍ ትከሻውን ነካ አደረጉትና "አንተ ደግሞ መውረጃህ አልደረሰም?" አሉት። እሳቸውም ፈገግ ብለው ነበር። ጄሮም ግን ፈገግታውን ተከትሎ አልሳቀም፤ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ባለፈው መስከረም የመንገዳችን ድግስ እንዴት ነበር?"

"ጥሩ ነበር። ትንሽ... ቀዝቀዝ ያለ ነበር።"

"ማን መጣ?"

ሚስ ኤድና ማሰብ ጀመሩ። ድሮ መንገዱ ለመኪና ሲዘጋ የቱላፎኖ ቤተሰብ ከጠዋት ጀምሮ አሳማ ይጠብሳል፤ አውቶቡስ ነጂው ሚስተር ዴላክሩዋ ጥሩምባ ይነፋል፤ የጄሮም እናት በዘይት የተጠበሰ የሥጋ ጥቅልል በትሪ ይዘው ሲመጡ ልጆች ይሻማሉ። ባለፈው መስከረም ግን አይብና ወይን ጠጅ ነበር፤ ሰዎቹም ጨዋ፣ ደግ፣ ሁሉም በሚስ ኤድና ሐሳብ የሚስማሙ ነበሩ። የሚከራከራቸው እንኳ አላገኙም። ቱላፎኖዎች ራቅ ወዳለችው ሳክራሜንቶ ከተማ ሄደዋል። ዴላክሩዋ ከባሕረ ሰላጤው ማዶ ቫሌሆ ገብቷል፤ ሌሊት ተነሥቶ ነው አውቶቡሱን ለመንዳት የሚመጣው።

"ሰፊ ግቢ ፈልገው ነው የሄዱት ብዬ ነበር" አሉ።

"ግቢ የፈለገም ይኖራል። አብዛኞቹ ግን የሚያድሩበት አጥተው ነው።"

"እናትህስ? የሄደችበት ስቶክተን ተስማማት? ፀሐይ ትወድ ነበር።"

"እናቴ ፀሐይ አትወድም፣ ሚስ ኤድና።"

አውቶቡሱ መብራት ላይ ቆመ። ጄሮም ለመናገር ትንሽ ታገለ፤ አክባሪ ልጅ ነውና።

"የዛሬ ሦስት ዓመት ይኸው ጉዳይ ሲታይ እርስዎ ተናግረው ነበር። እኔና እናቴ ከኋላዎ ተቀምጠን ነበር። ከሚሠሩት ክፍሎች ጥቂቶቹ በዝቅተኛ ኪራይ ለሰፈሩ ሰው የሚሰጡ ነበሩ፤ እናቴ እነሱን ተስፋ አድርጋ ልትናገር መጥታ ነበር። እርስዎ ተናግረው አዳራሹ አጨበጨበ። ቀጥሎ የእናቴ ስም ተጠራ። አልተነሣችም። 'ልጆቼን ማንበብ ያስለመደች ሴት ናት፤ እሷን ተቃውሜ በሰው ፊት አልቆምም' አለች። ጉዳዩ ለሌላ ጊዜ ተላለፈ፤ ከዚያ ደግሞ ለሌላ ጊዜ። ኪራዩ አልጠበቀንም።"

ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ሚስ ኤድና ያን ቀን የተናገሩትን ያስታውሳሉ፤ በተለይ ጭብጨባውን። ከኋላቸው ስሟ ተጠርቶ ያልተነሣች ሴት እንደነበረች ግን እስከ ዛሬ አያውቁም ነበር።

"ለምን አልነገረችኝም?" አሉ፤ ድምፃቸው ሰለል ብሎ።

"ምን ብላ? ሁልጊዜ እንኳን ደህና መጣሽ ነው የሚሏት።"

አውቶቡሱ ጥቂት ፌርማታ አለፈ። በኋላ ሚስ ኤድና የመጨረሻውን ቀስታቸውን መዘዙ፤ ይህኛው ግን ከክርክር ይልቅ ልመና ይመስል ነበር።

"የሰፈሩ መልክ ይለወጣል፣ ጄሮም።"

"ተለውጧል እኮ። ያልተለወጡት ቤቶቹ ብቻ ናቸው።" ከዚያም ነገሩ እንዳይመራቸው አለሰለሰው። "በወጣትነታችሁ እምቢ ማለታችሁ ከተማውን አድኖታል። መድኃኒት ነበር። እኛ ግን በሽታው ካለፈ በኋላም በየቀኑ እየዋጥነው ነው። አውራ ጎዳናውንም፣ የአስተማሪ ቤቱንም፣ የሽማግሌ መኖሪያውንም በአንድ አፍ እምቢ እንላለን። መከልከልን እንደ ጽድቅ ቆጠርነው።"

ሚስ ኤድና የመውረጃውን ደወል ተጫኑ። ሰው በልቡ ሲረታ ወዲያው በአፉ አይናገርም፤ ዕድሜ ሲጨመርበት ደግሞ እየባሰ ይሄዳል።

በማዘጋጃ ቤቱ ደጃፍ የሰፈራቸው ሰዎች ይጠብቋቸው ነበር። ጎረቤታቸው ባርናቢ ከሩቅ አይቶ "ሚስ ኤድና መጡ! አሁን አለቀላቸው!" ብሎ ጮኸ። እሳቸውም እጃቸውን አንሥተው ሰላምታ ሰጡ፤ አዳራሹ ሲገቡ ግን አጠገቡ አልተቀመጡም።

ስማቸው ሲጠራ በዝግታ ሄደው ድምፅ ማጉያው ፊት ቆሙ።

"ኤድና ፌኔሊ እባላለሁ። ባለፈው ጊዜ ስለ ጥላ ነው የተናገርኩት። ዛሬ ስለ ጥላ አልናገርም። በመንገዴ ላይ የነበሩ ሰዎች ሄደዋል፤ የሄዱትም እኛ በዚህ ቦታ እየቆምን በደግ ልብ ስለከለከልናቸው ነው። ይህ ቤት ቢሠራ አስተማሪው በእግሩ ትምህርት ቤት ይደርሳል፤ ከሥራ በኋላም የልጆቹን ወላጆች በገበያ ያገኛቸዋል። አውቶቡስ ነጂው ሌሊቱን ይተኛል። ያረጀች እናት ከልጇና ከቤተ ክርስቲያኗ ሳትለይ ታረጃለች። እኛም የቀረነው የሚከራከረን ሰው እናገኛለን፤ ይህ ደግሞ ለከተማ ጤና ነው። ሰው በየመስኮቱ እንኳን ደህና መጣህ ብሎ በሩን ከዘጋ ተራማጅ አይባልም። እኔ ዘግቼ ነበር። ይሠራ።"

"ኤድና፣ ምን ነካሽ?" አለ ባርናቢ ከኋላ። ያጨበጨበ ሰው ጥቂት ነበር። ሸንጎው ግን ብዙ ከተነጋገረ በኋላ ቤቱ እንዲሠራ በድምፅ ብልጫ ወሰነ።

ውጭ ደረጃው ላይ ነፋሱ ብርቱ ነበር። ሚስ ኤድና የጄሮምን ክንድ ይዘው ወረዱ።

"እንግዲህ አንተም ክፍል ታገኛለህ። እናትህንም ትመልሳታለህ።"

"ተሠርቶ እስኪያልቅ ሦስት ዓመት ነው አሉ። አከራዬ ጋራዡን ለመኪናው ፈልጎታል። ስቶክተን ሥራ አግኝቻለሁ።"

"ታዲያ ዛሬ ለምን መጣህ?"

"ለሚመጣው ሰው ነዋ።"

ሚስ ኤድና ቆሙ። "ያን ጊዜ ባልናገር ኖሮ" አሉ፤ "ዛሬ ትኖሩበት ነበር።"

ጄሮም 'የለም፣ የእርስዎ ጥፋት አይደለም' ሊላቸው ፈለገ። መምህር ነውና ያልሆነውን ሆነ ማለት አልሆነለትም። ክንዳቸውን አጥብቆ ይዞ መንገዱን አሻገራቸው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል፤ የዘገየ ጩኸት የሄደውን ባይመልስም የሚመጣውን ይጠብቃል። አንባቢም ለጎረቤቱ እምቢ ከማለቱ በፊት ከኋላው ማን ስሙ ተጠርቶ እንዳልተነሣ ዞር ብሎ ይይ።

በሰኔ ወር ትምህርት ሲዘጋ ጄሮም ወደ ስቶክተን ሄደ። ጎማ ቤቱ በጥቅምት ፈረሰ።