የከበደችው ጀልባ

በደርግ ጊዜ ነው። ከመሸንቲ ወደ ባሕር ዳር በአውቶቡስ ስንመጣ ከእኔ አንድ ወንበር አልፎ የተቀመጠ ባለጀልባ፣ ከፊታችን የተቀመጡት ሽማግሌ መካኒክ መሆናቸውን ሲሰማ በጥያቄ ያዛቸው።

«አባባ፣ የጀልባዬ ሞተር ጉልበት አጣ። ይነሳል፣ ግን አይገፋም።»

«ካንዴላውን አይተኸዋል?»

«ቀይሬዋለሁ።»

«ቤንዚኑ ውሃ ገብቶበት ይሆናል።»

«አጥልዬዋለሁ። ካርቡራተሩንም ፈትቼ አጥቤዋለሁ።»

«ከታች የዓሣ መረብ ተጠምጥሞበት እንዳይሆን።»

«ውሃ ገብቼ በእጄ ዳሰስሁት፤ ምንም የለበትም።»

«ሲጫን ነው የሚደክመው?»

«ባዶዋንም ነው እንጂ! ብቻዬን ተቀምጬ ሁለት ሰው እንደጫነች ትጠልቃለች።»

ሽማግሌው ዞር ብለው አዩት።

«ከመቼ ወዲህ ነው?»

«የወንድሜን ሬሳ ወደ ደሴቱ አሻግሬ ከቀበርሁ ወዲህ።»

«ታሞ ነው?»

«የለም። ጠዋት ደጃችን ላይ ተጥሎ አገኘነው።»

ሽማግሌው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«አለቀሳችሁለት?»

«ማን ያስለቅሰናል? ለቅሶ ክልክል ነው ተባልን። እናቴ አፏን በነጠላዋ አፍና ዋለች።»

«እንግዲያ ሞተሩን ተወው። ሸሽጋችሁም ቢሆን እርሙን አውጡለት። ወንድምህ ገና ከጀልባዋ አልወረደም።»

ትንሽ እንደሄድን ሾፌሩ ማርሽ ቀነሰ።

«ይቺ መኪና ደግሞ ምን ነካት? ሜዳው ላይ ከበደችኝ እኮ» አለ።

በእኔና በባለጀልባው መካከል ያለው ወንበር ባዶ ነበር፤ እኔ ግን ቀስ ብዬ ወደ መስኮቱ ተጠጋሁና ቦታ ለቀቅሁ።