እሳት የተነፈገው መዳብ

የኬሚስትሪ መምህርቷ እናቷን ከክሊኒክ ደግፋ ስትመለስ፣ ሽማግሌው አንጥረኛ ከሱቃቸው ደጃፍ ቆመው አገኟቸው።

«እግዜር ይማራቸው! ምን አገኛቸው?» አሉ በፋሻ የተጠቀለለውን የእናቷን እግር አይተው።

«እርስዎ የሠሩት ማንቆርቆሪያ ነዋ! የፈላ ውሃ እንደያዘ አፉ ከሥሩ ተገነጠለ።»

«ተያቸው፣ ልጄ» አሉ እናቷ።

«አልተውም!»

«ጥፋቱ የመዳቡ ነው» አሉ ሽማግሌው። «የዘንድሮ መዳብ እምነት የለውም።»

መምህርቷ እናቷን ደጃፉ ላይ በርጩማ ላይ አስቀምጣ ወደ ሱቁ ገባች። መናገር በማይችል ዕቃ ማሳበብ እንዴት ይቀላል!

«አባባ፣ ሲቀጠቅጡት መጀመሪያ እሺ ይላል። ቆይቶስ?»

«ቆይቶማ ይገግማል። እኔም ክንዴ እስኪዝል እወርድበታለሁ።»

«ያን ጊዜ ለምን ወደ እሳት አይመልሱትም?»

«እሳት ጉልበቱን ይጨርሰዋላ! አባቴም አላደረገውም።»

ደሟ ፈላ። «አባትዎ ስላላደረጉት የእናቴ እግር ይቃጠል? ይስሙኝ እንጂ! መዳብ በዓይን የማይለዩ ክሪስታሎች ክምር ነው፤ እንደ ስኳር ቅንጣት እርስ በርስ ተጣብቀው። መዶሻ ሲያርፍባቸው ይጨፈለቃሉ፣ ውስጣቸው ይተራመሳል። መፈናፈኛ ሲያጡ መዳቡ ይደርቅና ይሰነጠቃል። ደብዘዝ ብሎ እስኪቀላ ቢያግሉት ግን፣ ሳይቀልጥ፣ በተጨፈለቁት ቦታ አዳዲስ ክሪስታሎች ይበቅላሉ። ያኔ ይለሰልሳል።»

«ሳይቀልጥ ይታደሳል? ተረት ነው!»

«እንግዲያው ይሞክሩት!»

ሽማግሌው በእልህ ሁለት የመዳብ ቁራጮችን እስኪገግሙ ቀጠቀጡ፤ አንዱን ብቻ ምድጃ ከትተው አቀሉና ውሃ ውስጥ ነከሩት። ያልጋለው ጥቂት እንደታጠፈ ቀጭ ብሎ ተሰበረ። የጋለው እንደ ቆዳ ታጠፈ። ደግመው አጠፉት። አልሰበር አለ።

መምህርቷ ይቅርታ ጠበቀች። የመጣው ቁጣ ነበር።

«ይህን ታውቂ ነበር?»

«በየዓመቱ አስተምረዋለሁ።»

«በየቀኑ በደጄ እያለፍሽ? መዶሻዬን እየሰማሽ? እናትሽ እስኪቃጠሉ ድረስ?»

የተማረ ሰው ዕውቀቱን ክፍል ውስጥ ቆልፎበት ሲወጣ፣ ባላወቀው ላይ መቆጣት ምን ያህል ያምርበታል?

ሽማግሌው የተሰቀሉትን ማንቆርቆሪያዎች አንድ በአንድ አወረዱ። «እነዚህ አይሸጡም» አሉና እናቷ ፊት አጎንብሰው ይቅርታ ጠየቁ።

ከዚያ ወዲህ መዳቡ በገገመ ቁጥር ወደ እሳት ይመለሳል። ክንዳቸው አረፈ፤ ተሰንጥቆ የሚጣል ዕቃ ቀረ፤ ደንበኛም የፈላ ውሃ ሳይሰጋ ይቀዳል። መምህርቷም ያንን ትምህርት የምታስተምረው እዚያው ምድጃው አጠገብ ሆነ፤ የሰፈሩ ብረት ሠሪዎችም እየመጡ ከተማሪዎቿ ኋላ ይቆማሉ።